ጉዳዩ፦ ባልዲ ስለማስፈለጉ

ውድ ወላጆች፣

ሰሞኑን ልጆቻችሁ ቤት ውስጥ ክዳን ያለው ባልዲ ሲያድኑ አይታችሁ ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው። የሳይንስ ክበባችን ቤተ ሙከራው ጥግ ላይ አፈር ሳይጠቀም ሰላጣ እያበቀለ ነው። ሥሩ ምግቡን የሚያገኘው ማዳበሪያ ከሟሟበት ውኃ ነው። ሥራውን የምትመራው ደግሞ ራስበሪ ፓይ የምትባል፣ የባንክ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ናት።

ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ልጆቹ ናቸው። አምፖሉ በቀን 16 ሰዓት ይበራል። ፓምፑ በየሰዓቱ ውኃውን ከባልዲው ወደ ትሪው ይገፋል፤ ሲቆም ውኃው ተመልሶ ይወርዳል። የውኃውን ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) ግን ቀለም በሚቀይር መፈተሻ በእጃቸው ነው የሚለኩት። ከ5.5 እስከ 6.5 መሆን አለበት። ለዚህም ሴንሰር መግጠም ይቻላል፤ ኮምፒውተሯ በቀጥታ ስለማታነበው ግን መሀል ላይ ሌላ ቺፕ ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር እኔም አልቸኮልኩም። ጠዋት ጠዋት "ቢጫ ነው"፣ "ኧረ አረንጓዴ ነው" እያሉ ሲከራከሩ መስማት ደስ ይለኛል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሯ ተነሳች፣ ፕሮግራሙ ግን አልተነሳም። ሰኞ ስንገባ ትሪው ደርቋል፤ ቅጠሉ ጠርዙ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርሯል። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ አንዷ ተማሪ "ሲነሳ ጀምር አላልነውማ!" ብላ ጮኸች። ከ12 ችግኝ 4ቱ አልተረፉም። ፕሮግራሙ አሁን ኮምፒውተሯ ስትነሳ አብሮ ይነሳል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ለጠየቃችሁኝ፦ ፓምፑ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። አዳፕተሩና ሶኬቱ ከውኃው በላይ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ከመምህሩ በቀር ማንም አይነካቸውም።

አሁን ሁለተኛ ትሪ ልንጨምር ስለሆነ ባልዲ ያስፈልገናል። ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። ማዳበሪያ ያለበት ውኃ ብርሃን ካገኘ በአልጌ ይሞላል፤ አረንጓዴ ይሆንና ይሸታል። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ግን አትላኩ።

ኮምፒውተር የምታውቁ ወላጆች ደግሞ አደራ፣ ኮዱን አታርሙላቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እጅግ ያማረ ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ አስረዳ ሲባል "አባቴን ልጥራ" አለ።

ባልዲው እስከ ዓርብ ይድረሰን፤ ክዳኑም ላይ ስም ይጻፍበት። ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ ክዳን አሁንም ቢሮዬ አለ።

ከሰላምታ ጋር
ርእሰ መምህር