ደብዳቤ ለልጄ፦ ያንን ጃኬት አውልቂው

ለምወድሽ ልጄ፣

አክስትሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራች፣ ቀጥላ ስለ ቧንቧው። እህቴን አውቃታለሁ፣ ዋናውን ነገር ስታዘገይ ሆዴ ይላወሳል። በመጨረሻ "ልጅሽ ከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር፣ አሁን ደህና ናት፣ አትደንግጪ" አለችኝ። እንዴት ነው የማልደነግጠው?

ምን ለብሳ ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ስጨቀጭቃት ነገረችኝ። ያንን ጥቁር ወፍራም ጃኬት፣ እዚህ ሐረር ስትመጪ እንዳይበርድሽ የገዛሁልሽን፣ ዚፑን እስከ አንገትሽ ዘግተሽ። በግንቦት፣ ድሬዳዋ ላይ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት!

ልጄ፣ ጃኬቱን አውልቂው። ሌላውን ሁሉ ከታች እጽፍልሻለሁ፣ ይኼን ግን ደብዳቤውን ሳትጨርሺም ማድረግ ትችያለሽ።

መሮጥሽን አልተቃወምኩም። እንዲያውም ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። ሐኪሙ "ተንቀሳቀሺ" ካለሽ ጀምሮ ስትፈሪው የነበረውን ነገር ራስሽ ጀምረሽዋል። ያናደደኝ መደበቅሽ ነው። ሰው ሁሉ ሥራ እስኪገባ ትጠብቂያለሽ አሉ። ከዚያ መንገድ ላይ እንዳትታዪ የደረቀው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ወርደሽ አሸዋው ላይ ትሮጫለሽ አሉ። ስትመለሽ ነው የወደቅሽው። ደግነቱ ከአሸዋው ወጥተሽ ነበር። እዚያ ታች ብትወድቂ ማን ያይሽ ነበር? እንዳትታዪ ብለሽ አይደል የወረድሽው?

ደቻቱ ውስጥ ዳግመኛ እንዳትሮጪ። በ1998 ክረምት ሌሊት የወረደውን ጎርፍ አታስታውሺውም፣ ገና ሕፃን ነበርሽ። ከደጋው የመጣ ውሃ ነው ተኝቶ የነበረውን ሰው የጠረገው። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ደቻቱ ደርቆ ሲያዩት መንገድ ይመስላል። ደጋው ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ግን አንቺ ያለሽበት ሰማይ ጥርት ሊል ይችላል። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው።

ለፋሲካ የነገርሽኝን አልረሳሁትም። ባጃጅ ተራ አጠገብ ልጆቹ "ደራርቱ! ደራርቱ!" ብለው ጮኹብሽ፣ አንዱም ሆዱን ወደፊት ነፍቶ ከኋላሽ ሮጠ። እየሳቅሽ ነበር ያወራሽልኝ። ሳቅሽን ግን አውቀዋለሁ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ማልቀስ ሲያምርሽ እንደዚያ ነው የምትስቂው። ጃኬቱ የመጣው ከዚያ በኋላ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ።

ያ ሆዱን የነፋው ባለጌ ነው። ለእሱ መልስ የለኝም፣ እናቱን ባውቃት ግን እነግራት ነበር። "ደራርቱ" ያሉትን ግን ተያቸው አቦ! በዚህ አገር ቀጭኑም ወፍራሙም ሲሮጥ ከታየ ወንዱ "ኃይሌ" ይባላል፣ ሴቷ "ደራርቱ" ትባላለች። ታክሲ እንዳያመልጣት የምትሮጥ ሴት እንኳ አይምሯትም። በ1992 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ያሸነፈችን ሴት ስም እየጠሩ ሰውን መስደብ ከተቻለ እንግዲህ ይስደቡሽ። ደግሞ ደራርቱ የበቆጂ ልጅ ናት። በቆጂ ደጋ ነው፣ እዚያ ጃኬት ለብሶ መሮጥ ያምራል። አንቺ ያለሽው ድሬ ነው። አውልቂው።

"ላቤ ብዙ ሲወጣ ቶሎ እቀንሳለሁ" ብለሻታል ለአክስትሽ። ማን ነው ይኼን የነገረሽ? ያ የወጣው ውሃ ነው። ሚዛን ላይ ቀንሶ ያየሽው ኪሎ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ስትጠጪ ተመልሶ ይመጣል። ላብ የሚያቀዘቅዘን ገላችን ላይ ሲደርቅ ነው። ጃኬቱ ውስጥ ታፍኖ ምኑ ይደርቃል? እኛ ወፈር ያልን ሰዎች ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣልንም፣ ልባችንም የበለጠ ይለፋል። አያትሽ ምን ትሆን እንደነበር ብታዪ ኖሮ አትለብሺውም ነበር።

አንቺ አያትሽን የምታውቂያት በረንዳ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ስትቆጥር ነው። እኔ የማውቃት ሌላ ሴትዮ ናት። ካንቺ ትወፍር ነበር። ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ደወሌ በባቡር ትመላለስ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ድሬ ያደገ ሰው አይጠይቅም። ስትሄድ አንድ ድሪያ፣ ያንን ሰፊ ረጅም ቀሚስ፣ ለብሳ ነው፣ ስትመለስ አራትና አምስት ደርባ፣ ከውስጥ ደግሞ ሽቶና ሳሙና ወገቧ ላይ አስራ። ኮንትሮባንድ የሚይዙት ፊናንሶች ጣቢያው ላይ ስለሚጠብቁ፣ ባቡሩ ከሽንሌ ወዲህ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሴቶቹ ይዘላሉ። እኔና ወንድሜ ሐዲዱ ዳር ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጠን እንጠብቃታለን። መጀመሪያ የሚታየን ጥቅሉ ነው፣ ተወርውሮ አቧራ ላይ ዱብ ይላል። ከዚያ እሷ።

ከዚያ ሩጫ ነው። ጫማዋን ባንድ እጇ ይዛ፣ ባንድ እጇ ድሪያዎቹን ሰብስባ። ስትሰበስባቸው ቀዩ ከአረንጓዴው ሥር፣ ቢጫው ከቀዩ ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይታያል። ባቡሩ መስኮት ላይ የተደረደረው ሰው ያፏጫል፣ ይስቃል፣ "ሩጪ ወፍሬ!" ይላል። ዞራ አታይም። አንድ ቀን አንድ ቀጭን ወጣት ፊናንስ ተከተላት። እኛ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆነን ትንፋሻችንን ዋጥን። ልጁ መሃል ላይ ቆሞ ጎኑን ይዞ አጎነበሰ። እናቴ አልቆመችም። እንዲያ ስትሮጥ የተነሳችው ፎቶ ቢኖረኝ ሳሎን ላይ እሰቅለው ነበር። ያለኝ ግን ያ ለመታወቂያ የተነሳችው፣ ፊቷን ያጨማደደችበት ብቻ ነው።

እኛ ጋ ስትደርስ ግን ጀግና አትመስልም። የመጀመሪያ ቃሏ "ውሃ" ነው። ድሪያዎቹን አንድ በአንድ እየገፈፍን ስናወጣላት የመጨረሻው ገላዋ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አንገቷና ብብቷ በሙቀት ሽፍታ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ነጥቶ። የጠጣችውን ታስመልሳለች። ያን ቀን ሙሉ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ ትተኛለች፣ እኔ እርጥብ ጨርቅ እለዋውጥላታለሁ። አንዳንዴ በዚያ ሁሉ ሙቀት "በረደኝ" ትለኛለች። ያኔ ነው በጣም የምፈራው። ልብስ ደርቦ በድሬ ፀሐይ መሮጥ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ሲወራ ሰምቼ አይደለም የማውቀው።

ትልቅ ልጅ ከሆንኩ በኋላ "ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብሽ አታፍሪም ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት። "ማፈር? ትንፋሹ የት ተገኝቶ!" አለችኝ።

እሷ የደረበችው የእኛን እንጀራ ነው። አንቺ የተሸከምሽው ኮንትሮባንድ የለም። የራስሽ ገላ ነው፣ ቀረጥ አይከፈልበትም። ከማን ነው የምትደብቂው?

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ውሃ። ከመውጣትሽ በፊት ጠጪ፣ ስትመለሽም ጠጪ። ብዙ ካላበሽ ጨው ነገርም ያስፈልጋል፣ ከፋርማሲ ኦአርኤስ ገዝተሽ ቤት ይኑር። ውሃ ላይ ሊሞን ተጨምቆ ትንሽ ጨውና ስኳር ጣል ቢደረግበትም ጥሩ ነው። ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ በሙቀት መሃል ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማሽ የዚያን ቀን ሩጫ አበቃ። ጥላ ፈልጊ፣ ተቀመጪ፣ አንገትሽንና ብብትሽን አርጥቢ። "ትንሽ ቀረኝ" የሚባል ነገር የለም።

ሰዓቱን ቀይሪ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውጪ፣ 1 ሰዓት ሳይሞላ ቤትሽ ግቢ። በጨለማ ግን አይሆንም፣ ውሻውም መብራት የሌለው ባጃጅም አለ። ከዚራን ዙሪ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዛፎቹም ጥላ ይሰጡሻል። ሰው ያየኛል ትይ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ ማን አለ? ጫት በርጫ ላይ ያመሸው ሁሉ ገና አልነቃም። የምታገኚው ከሶላት የሚመለሱ ሽማግሌዎች፣ ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች፣ ፉል የሚሠሩ ሰዎች ነው። እነሱ ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ሂጂ። መጀመሪያ ሰሞን ያዩሻል፣ ከዚያ ይለምዱሻል፣ ስትቀሪ ደግሞ "ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች?" ይላሉ። ድሬን አውቃታለሁ፣ እንግዳ ነገር ብዙ ቀን አይገርማትም። በየቀኑ መንገድ የምትቀይሪ ከሆነ ግን በየቀኑ እንግዳ ነሽ።

ጃኬት የሌለበት ደረትሽ ያሳፍርሽ እንደሆነ ገብቶኛል፣ እኔም ሴት ነኝ። ጥሩ የሚይዝ ጡት መያዣ ግዢ፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ከላይ ሰፋ ያለ፣ ሳሳ ያለ፣ እጅጌው አጭር ቲሸርት ልበሺ። ላብ እንዳይታይብሽ ጥቁር ይሁን ካልሽ ይሁን፣ ፀሐይ ሳይበረታ ነው የምትሮጪው። ጭንሽ እንዳይላላጥ ቫዝሊን ተቀቢ፣ ከጉልበት በላይ የሚደርስ ጠበቅ ያለ ቁምጣ ከሥር ልበሺ። ይኼን አያትሽም ታውቀው ነበር፣ እሷ ቅቤ ነበር የምትቀባው። ጫማውን ታይዋን ገበያ ሄደሽ ሰልባጅ ከሆነ በደንብ እዪው፣ ሶሉ ባንድ ጎን የተበላ እንዳትገዢ። ጉልበትሽ ነው የሚከፍለው።

ደግሞ ማን ነው በአንድ ጊዜ ሩጪ ያለሽ? አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ እንዲያ እያልሽ። ከአክስትሽ ልጅ ጋር እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው፣ ቀንሺ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፣ በመሃሉ እረፊ። ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አትቸኩዪ። በሰው ፊት ቆም ብሎ መራመድ "ደከማት" ያስብለኛል ብለሽ አትፈጥኚ። ይበሉ! ደክሞሽ የለ እንዴ?

ሳትበይ እንዳትወጪ። ያንን የሚያቀጥን ሻይ የሚሉትንም እንዳትጠጪ፣ ኩሽናው ውስጥ አክስትሽ አይታዋለች። ዛሬውኑ ጣይው።

ጃኬቱን አጥበሽ ለቅዳሜው ሚኒባስ ሹፌር ስጪው። እዚህ ሐረር ማታ ማታ እየበረደ ነው፣ እኔ እለብሰዋለሁ። ትልቅ ነው አትበይ፣ ይሆነኛል፣ ከማን ወፍረሽ ነው? በዚያው ሚኒባስ በርበሬና ሽሮ ልኬልሻለሁ፣ የአክስትሽ ድርሻ በሰማያዊው ፌስታል ያለው ነው፣ እንዳትቀላቅዪው።

ሰኞ ጤና ጣቢያ ሂጂና ግፊትሽንም ስኳርሽንም ተለኪ። በቤታችን ስኳር እንዳለ ታውቂያለሽ። መውደቅሽንም ንገሪያቸው፣ እዚያ ደግሞ እንዳትደብቂ። ሐኪሙ ሩጪ እስኪልሽ ድረስ እርምጃ ብቻ። ውጤቱን የዚያኑ ቀን ደውለሽ ንገሪኝ። ለአክስትሽ ነግሬ እሷ ትንገርሽ እንዳትዪ፣ ሽንኩርቱን ጨርሳ እስክትደርስ ልቤ ይፈነዳል።

እናትሽ