ለጭንቀት ሕመም መጀመሪያ የሚኬደው ጤና ጣቢያ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ጭንቀት ሕመም በጋዜጣም በሬዲዮም በተነሣ ቁጥር ምክሩ የሚያልቀው «አማኑኤል ሆስፒታል ይሂዱ» በሚል ነው። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ትክክል ይሆናል። ቱሉ ዲምቱ ወይም ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ራሱ ለሚያስጨንቀው ሰው ግን ከተማውን አቋርጦ መርካቶ አካባቢ መድረስ የሚታሰብ አይደለም። ቢደርስም ሪፈር ካልያዘ የማኅበረሰብ ጤና መድህኑ ሙሉውን ላይሸፍንለት ይችላል፤ ከኪሱ ይከፍላል። እኛ በአዲስ አበባ ዳር በአእምሮ ጤና አገልግሎት ላይ የምንሠራ ነርሶች ነን። የብዙ ሰው ጭንቀት እዚሁ ሠፈር ጤና ጣቢያ ሊታከም ስለሚችል፣ እንዴት እንደሚኬድ እንጽፋለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ጭንቀት የያዘው ሰው ግን አይደብቅም፤ የሚናገረው በሌላ ስም ነው። «ጨጓራዬን»፣ «ልቤን»፣ «ያዞረኛል» ይላል። ውጭ ረጅም ሰልፍ ያለበት ባለሙያም የጨጓራ መድኃኒት (ኦሜፕራዞል) ጽፎ ይሸኘዋል። ሁለት ወር ቆይቶ ያው ሰው በያው ቅሬታ ይመለሳል። ስለዚህ ሲገቡ ከአካል ስሜቱ ጋር ሦስት ነገር መናገር ያስፈልጋል፦ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚነሣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእሱ ምክንያት የተተወውን ነገር። «ገበያ መውጣት ትቻለሁ፣ ታክሲ አልሳፈርም» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ልቤ ይመታል» ከሚለው የበለጠ ለሐኪሙ ይነግረዋል።

ቀጥሎ «የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አለ ወይ? በየትኛው ቀን ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ያስፈልጋል። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለጭንቀት ሕመም የራሱን ምዕራፍ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ከዚያ በፊት በአገራችን ሥልጠናው የሚያተኩረው በድብርት፣ በሚጥል በሽታ፣ በከባድ የአእምሮ ሕመምና በመጠጥ ላይ ነበር። የሠለጠነ ሰው ካለ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ ሰባት ጥያቄዎችን ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው። ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ በደንብ መታየት አለበት።

ፈጣን የልብ ምት ሁሉ ግን ጭንቀት አይደለም። ደም ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒትም ጭምር ያንኑ ያመጣሉ። የደምና የስኳር ምርመራ ጤና ጣቢያው ይሠራል፤ የእንቅርቱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ይላካል። ሥራ ሲሠራ ደረቱን የሚወጋው ወይም ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው የልብ ምርመራ ሳያደርግ «ጭንቀት ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም። ጫትና ቡናም መነገር አለባቸው። ከሰዓት በኋላ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ይታወቃል፤ በአንዴ ካቆመ ግን ራስ ምታት ስለሚይዘው በየጥቂት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሰ ቢሄድ ይሻላል።

ድንገት የሚነሣው፣ «አሁን ሞትኩ» የሚያሰኘው ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራው ላይ ደርሶ ይወርዳል። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለ ሰው «በደንብ ተንፍስ! አየር ሳብ!» ይለዋል። ይህ ነው የሚያባብሰው። ቶሎ ቶሎና በኃይል ሲተነፈስ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው ከዚያ ነው። ትክክለኛው በአፍንጫ ቀስ ብሎ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት ነው። ደረት ሳይሆን ሆድ ይነሣ፤ አየሩም ብዙ አይሁን። ልምምዱ ሰላም በሆነ ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ደቂቃ ይሠራ። ፍርሃቱ ሲመጣ ብቻ የሚሞክረው ሰው አልሠራልኝም ብሎ ይተወዋል።

ታክሲ ለሚፈራ፣ ሐኪም ልቡን አይቶ ደህና ነው ካለው በኋላ፣ ሥራው ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ የቆመ ታክሲ አጠገብ መቆየት፤ ከዚያ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ከዘመድ ጋር አንድ ፌርማታ፤ ከዚያ ብቻውን፤ ከዚያ እስከ ቃሊቲ። አንዱ ደረጃ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ እየተደገመ እስኪለመድ ድረስ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ሥራውን የሚያበላሸው ፍርሃቱ ጣራ ሲነካ «ወራጅ አለ!» ማለት ነው። በዚያ ሰዓት የወረደ ሰው ያዳነው መውረዱ ይመስለዋል፤ በማግሥቱ ታክሲው የባሰ ያስፈራዋል። ተቀምጦ ቢቆይ ግን ፍርሃቱ ራሱ ይወርዳል።

መድኃኒት ከታዘዘ ብዙ ጊዜ ፍሉኦክሰቲን ወይም መሰሉ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጭንቀቱን ትንሽ ሊያባብሰው ይችላል፤ ስለዚህ በትንሽ መጠን ይጀመራል። እስኪሠራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛው ሳምንት «ምንም የለውም» ብሎ ነው። ሌላው ደግሞ ሲሻለው ያቆማል፤ ከተሻለ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መቀጠልና በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ ያስፈልጋል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ የሚጾም ሰው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይችላል እንጂ ጾም ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ዳያዜፓም ግን ሌላ ነገር ነው። ወዲያው ያረጋጋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዋዋሰውም ለዚህ ነው። ከጥቂት ሳምንት በላይ ከተወሰደ ሱስ ሊሆን ይችላል፤ ከአረቄ ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ይዞ። ሁለቱ አይጣሉም።

ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ይጽፋል። በእኛ በኩል ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ በአያትና በየካ አባዶ በኩል ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ይቀርባሉ። መሞትን የሚያስብ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው፣ ኪኒንና የተባይ መርዝ ከቤት ወጥቶ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እድሮችን አንድ ነገር እንለምናለን። ከመሀል ከተማ ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች የድሮ እድራቸው፣ ማኅበራቸውና ጎረቤታቸው እዚያው ቀርቷል፤ ብቻ መሆን ደግሞ ጭንቀትን ያባብሳል። በወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከጤና ጣቢያው አንድ ነርስ ለግማሽ ሰዓት ይጋበዝ፤ ደብዳቤው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ይጻፍ። በሰው ፊት ለመጠየቅ የሚያፍር ስለሚበዛ ጥያቄው ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ቀድሞ ቢሰበሰብ ጥሩ ነው።

የአእምሮ ጤና ነርሶች፣ ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ