ምስጋና ለባለማሲንቆው ጋሼና ለዚያ ምሽት ሰዎች

ሐሙስ ማታ ሐይቁ ዳር ለነበራችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ልጽፍ ስጀምር ስተወው 3 ቀን አለፈኝ። ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልነሳም።

የቀኑን ነገር አልዘረዝረውም፤ ሐሙስ ሐዋሳ የዋለ ሰው ያውቀዋል። መብራት ከሌሊት ጀምሮ የለም። እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የምኖረው። ለ60 እንጀራ ያዘጋጀሁት ሊጥ ምጣዱ አጠገብ ኮምጥጦ ቀረ። ለፈቃድ እድሳት የሄድኩበት ቢሮ ለ3ኛ ጊዜ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሽ» አለኝ። ባጃጆቹ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው። በእግሬ ስሄድ ፒያሳ ላይ ጫማዬ ተገነጠለ። በቃ፣ እሱ ይበቃል።

ለፒያሳው ሊስትሮ ልጅ፦ «እናቴ፣ ቁጭ በይ» ብለህ የራስህን ዱካ ለቀቅክልኝ። ሁለት ጊዜ ደርበህ ሰፋህልኝ። ብር ሳወጣ «ዛሬ ይቅር፣ ደክሞሻል» አልከኝ። ልጄ፣ የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ደክሞሻል ያለኝ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ። እደግ፣ ተመንደግ።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ተማሪዋ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። በጨለማ ቤት ተቀምጬ አገኘሽኝ። «እትዬ፣ ተነሺ፣ ልበሺ፣ ሙዚቃ አለ» ስትዪኝ ተቆጣሁሽ። ይቅር በይኝ። የእናትሽን ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገሽ እጄን ይዘሽ አወጣሽኝ። ባትጎትቺኝ ኖሮ በልብሴ እንደተኛሁ ይነጋ ነበር።

ለባንዱ ልጆች፣ ለአስተናጋጆቹ፣ በሲዳምኛ ዘፍነው ያን ሁሉ ሰው ከወንበሩ ላስነሱት ወጣቶች፣ ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ማይክ ሳይኖር ያ ሁሉ ድምፅ አንድ ላይ ሲነሳ፣ ጉዱማሌ አደባባይ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ፣ የቄጣላው ጭፈራ ሲጨፈር የቆምኩ መሰለኝ።

አዎ፣ መብራቱ እዚያም ጠፋ። ገና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ኪቦርዱ ቀጥ አለ፣ ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። እኔ ያኔ እንባዬ መጣ። ቀኑን ሙሉ ያሳደደኝ ነገር እዚህም ተከትሎኝ መጣ አልኩ። ቦርሳዬን አንስቼ ልሄድ ስል ነው እሳቸው ከመድረኩ ዳር የተነሱት።

ባለማሲንቆው ጋሼ፣ ስምዎን እንኳ አልጠየቅኩም። ያኔ አፌ ተሳስሮ ነበር። ማሲንቆዎን ይዘው በጨለማው ቀስ እያሉ እኛ ጠረጴዛ አጠገብ መጡ። ሳክስፎኑን የሚነፋው ልጅ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ቦታውን ለእርስዎ ለቀቀ። እሱም ይባረክ፣ ታላቅ የሚያከብር ልጅ ነው። ከኪስዎ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ዕጣን አውጥተው ደጋኑን ከላይ እስከ ታች አሹት። በስልክ መብራት ሁሉን አያለሁ። ጭራው ነጭ አቧራ ለበሰ። ዕጣኗን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡና አንዴ ሳብ አደረጉት። ያ ድምፅ ገና ሳይጠና ሰዉ ዝም አለ። የብርጭቆ ኮሽታ እንኳ ጠፋ፤ ከሐይቁ በኩል ውሃው ሲመታ ይሰማል።

አንድ ጭራ ነው እኮ ያለው! አንድ የፈረስ ጭራ በሌላ የፈረስ ጭራ ሲታሽ ሰው እንዲህ ይሆናል?

ከ4ቱ የዜማ ቅኝቶች አምባሰልን ለምን እንደመረጡ አላውቅም። አባቴ የወሎ፣ የአምባሰል ሰው ነበር። እዚህ ኖሮ፣ እዚህ ወልዶን፣ እዚህ ነው የቀበርነው። ጠዋት ጠዋት ሲላጭ የሚያንጎራጉረው ያንን ብቻ ነበር። ትዝታ ሲዘፈን አይነቃነቅም፣ አምባሰል ሲሰማ ግን ምላጩን ያስቀምጣል። ጋሼ፣ እርስዎ አንገትዎን ዘንበል አድርገው ዓይንዎን ሲጨፍኑ የአባቴን አንገት አየሁ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አላፈርኩም። እርስዎም አላቋረጡም፤ ድምፁን ዝቅ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ይህን ውለታ በምን ልክፈለው?

ቆይተው ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው «እህቴ፣ እስቲ አንድ ግጥም ስጪኝ» አሉኝ። እኔ በሕይወቴ ለአዝማሪ ግጥም ሰጥቼ አላውቅም። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ተቀበሉኝ አልኩ፦

ሲስተም የለም ብለው ቀኑን ቢመልሱኝ፣
ማታ በማሲንቆ አንጀቴን አራሱኝ።

ተቀበሉልኝ። ደጋገሙት። ከኋላ ያሉት ሁሉ አብረው አሉት። ለካ ሲስተም የለም የተባልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ጥግ ላይ የነበሩ አባት ተነስተው «የእኔም ነው፣ ድገሙት!» ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። ያ ቀኑን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ያኔ ተነሳልኝ። መብራቱ መቼ እንደመጣ እንኳ ትዝ አይለኝም። ኪቦርዱ ሲመለስ ሰዉ «ቆዩ፣ ማሲንቆው ይጨርስ» ማለቱን ብቻ አስታውሳለሁ።

ቤት ስገባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። መብራት ነበር። አዲስ ሊጥ አቦካሁ። ስሄድ ስመጣ ያንኑ ዜማ እያንጎራጎርኩ ነበር።

የረሳኋችሁ አላችሁ። ውሃ ያቀበለችኝ ልጅ፣ በሞተር እስከ ሰፈር ያደረሱን ወንድም፣ እንጀራቸው ስለቀረባቸው አንድም ክፉ ቃል ያልተናገሩኝ ደንበኞቼ። በስም ያልጠራኋችሁ ቅር እንዳይላችሁ፣ በጨለማ የሰውን ፊት ለይቶ መያዝ ይከብዳል።

ጋሼ፣ ዕጣንዎ ጠረጴዛው ላይ ቀርታ ነበር። አንስቼ በነጠላው ጫፍ ቋጥሬ አመጣኋት። እኔ ጋ ናት። በሚመጣው ሐሙስ ይዣት እመጣለሁ፣ ከትኩስ እንጀራ ጋር።