ሳትልምሽ ባሪያ ማለት አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ስለ ቱርክ ስሞች ስታወጡ «ሳትልምሽ» የሚለውን የወንድ ስም ከባርነት ጋር ማያያዛችሁ ከነከነኝ። ቃል በቃል «የተሸጠ» ማለት ነው፣ ልክ ናችሁ። «ሳት» መሸጥ ነው፣ «ል» ሲገባበት ተሸጠ ይሆናል፣ «ምሽ» ደግሞ ነገሩ ያለቀ መሆኑን ይነግራል። ግን ማን ሸጠው? የገዛ እናቱ! በአናቶሊያ ገጠር ልጅ አልበረክት ያላት እናት አዲስ የተወለደውን ለጎረቤት ወይም ለዘመድ የይስሙላ ትሸጠው ነበር፤ ሞት ሲመጣ «የእኔ አይደለም፣ ተሸጧል» ለማለት ያህል። («ዱርሱን»ም የዚሁ ዘመድ ነው፤ «ይቁም፣ ይቆይ» እንደማለት።) ምትኩና ኑርልኝ እያለ ስም ለሚያወጣ አገር ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ወጣት ሳትልምሽ ማግኘት ከባድ ነው። «ስንት ተሸጥክ?» እየተባለ መማር የሚፈልግ ልጅ የለማ!

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ