ፈረቃ፦ የሙዚቃና ቪዲዮ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ትልቅ ሥራ ነው የያዘው። አምስት ዘፈን ያለው የተማሪዎች አልበም፣ ለአንዱ ዘፈን ክሊፕ፣ ለአልበሙ ደግሞ ሽፋን። ክሊፑን በወላጆች ቀን ያያችሁት ታውቁታላችሁ። እዚህ የምጽፈው ግን በአብዛኛው ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው። የልጆቹ ትልቁ ልፋት እዚያ ላይ ነበር፤ እሱን ደግሞ መድረክ ላይ ማንም አላየውም።

ነገሩ የተጀመረው በግጥም ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ፈረቃ ዘፈን ጻፈች። ታላቅ እህት የጠዋት ፈረቃ ናት፣ ታናሿ የከሰዓት። ቤት ውስጥ ያለው ካልኩሌተር አንድ ነው። ታላቋ ስትወጣ፣ ታናሿ ስትገባ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይገናኛሉ፤ ካልኩሌተሩ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ሁለት ቃል ይነጋገራሉ፣ ይለያያሉ። ዘፈኑ ይኸው ነው። ልጅቷ የራሷን ቤት ነው የጻፈችው። በፈረቃ የተማረ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ይቺን ሰዓት ያውቃታል፤ መንገዱ በዩኒፎርም ይሞላል፣ ግማሹ ወደ ቤት ግማሹ ወደ ክፍል፣ ባጃጆቹም መሃል ገብተው ክላክስ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ "ክሊፑ ምን ይምሰል?" ስላቸው ድሮን፣ የኪራይ መኪና፣ ጥቁር መነጽር፣ ሪዞርት ተባለ። አልፈረድኩባቸውም፤ ስልካቸው ላይ የሚያዩት ክሊፕ አብዛኛው እንደዚያ ነው። ድሮን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ነገርኳቸው። ስለ መኪናው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ "መኪናው የትኛው ስንኝ ውስጥ ነው ያለው?" ክርክሩ ጦፈ። አንዱ "ቲቸር፣ ሰው እንዲያይልን እኮ ነው" አለኝ፤ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። መልሱን የሰጠችው ራሷ ገጣሚዋ ናት፦ "ካልኩሌተር ያለበት ክሊፕ አይተህ ታውቃለህ? እሱን ነው የሚያዩልን።" ከዚያ በኋላ መኪና ያነሳ ሰው የለም።

ቀጥሎ ወረቀት ላይ ተቀመጥን። አንድ ደብተር አስመርን፦ ስንኙ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ማን አለበት፣ እጁ ላይ ምን ይዟል። እያንዳንዱ ስንኝ የራሱ ረድፍ አለው። መሳል የሚችሉት ከጎኑ በትንንሽ ሳጥን ስቶሪቦርድ፣ ማለትም የክሊፑን ምስሎች በቅደም ተከተል፣ ሳሉ፤ መሳል የማይችሉት በሰረዝና በክብ ሰው ሠሩ፣ እሱም በቂ ነው። ይህን ሥራ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም። ግን "ሰዓቱ" የምትለዋ ዓምድ ስትሞላ አንድ ነገር ወለል ብሎ ወጣ። ዘፈኑ ሦስት ሰዓት ነው ያለው፦ ጠዋት፣ እኩለ ቀን፣ ማታ። እንግዲያው ክሊፑም ሦስት ዓይነት ብርሃን ይኖረዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሁሉም ውሳኔ የመጣው ከዚህ ነው።

ሐይቃችን ከከተማው በስተምዕራብ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመን። ጠዋት ጀርባሽን ለሐይቁ ሰጥተሽ ብትቆሚ ፀሐይ ከምሥራቅ ፊትሽ ላይ ታርፋለች፣ ውኃውም ከኋላ ይታያል። ማታ እዚያው ቦታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ትጠልቃለች፣ ሰው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ታላቋን ጠዋት አሞራ ገደል አካባቢ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ ፊቷ በርቶ ቀረጽናት። ታናሿን ደግሞ ማታ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ጋ፣ ፊቷ ሳይታይ። አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ታላቋን ተከትሎ ፍሬሙ ውስጥ ዘው ብሎ ገባ፤ ማንም አልጠራውም፣ ግን ሊቆረጥ አልተቻለም። ማታ ላይ ደግሞ መቸኮል ነበረብን። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚተርፈው ብርሃን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ልምምዱ ሁሉ ፀሐይ ሳትወርድ በፊት አለቀ።

አስቸጋሪው እኩለ ቀን ነበር። ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ከቀትር ፀሐይ ይሸሻል፤ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫ ሥር ጥላ ይጣላል። እኛ ግን መሸሽ አንችልም። እህትማማቾቹ የሚገናኙት በዚያች ሰዓት ነዋ! መፍትሔው ነጠላ ሆነ። ሁለት ረጃጅም ልጆች አንድ ሰፊ ነጠላ ከልጆቹ አናት በላይ ወጥረው ያዙ፣ ሌላው ከታች የክፍላችንን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ወደ ፊታቸው አዘንብሎ ብርሃኑን መለሰው። ብርሃኑ ለሰለሰ፤ ካልኩሌተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የተደመሰሱት ቁጥሮች ጭምር ይታያሉ። የ"7" እና የ"8" ቁልፎች ላይ ምንም አልቀረም፣ በጣት ብዛት ተጠርገው አልቀዋል። ያቺ ሾት ለእኔ የክሊፑ ልብ ናት።

ክፍል ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመን። ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ወደ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። ያገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ስልካችን ግን በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነበር የሚቀርጸው፣ ሁለቱ አይገጥሙም። ወደ 25 ፍሬም ቀይረን ሸተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/50 ሰከንድ ስናደርገው መስመሩ ጠፋ። የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ልጆች ይህን ሰሌዳ ላይ በሞገድ ስለው ለታናናሾቻቸው ሲያስረዱ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር።

ልጆቹ በጣም የወደዱት ግን የስሎው ሞሽኑ ዘዴ ነው። ታላቋ ሐይቁ ዳር ቀስ ብላ እየተራመደች ከንፈሯ ግን ከዘፈኑ ጋር እንዲሄድ ፈለግን። ዘፈኑን በስፒከር በእጥፍ ፍጥነት አጫወትነው፣ እሷም በዚያው ፍጥነት ዘፈነች፣ ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም ቀረጸ። ኤዲት ሲደረግ በ25 ይጫወታል፤ እርምጃዋና ፀጉሯ ይዘገያሉ፣ ከንፈሯ ግን ልክ ትክክለኛው ዜማ ላይ ያርፋል። በእጥፍ ፍጥነት ሲለቀቅ የራሷ ድምፅ የሕፃን ድምፅ ሆኖባት በሳቅ ስለምትፈነዳ ብዙ ደጋግመናል።

አሁን ወደ ሽፋኑ። ለክበቡ ልጆች የድሮ የሸክላ ሽፋኖችን ፎቶ አሳይቻቸዋለሁ፤ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሬከርድስን ካቋቋሙ በኋላ የወጡትን፣ ከዚያም የካሴት ዘመኑን፣ የዘፋኙ ፊትና ስሙ ብቻ ያለበትን። አሌክስ ስታይንዋይስ የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ወጣት በ1940 እ.ኤ.አ. አካባቢ በኮሎምቢያ ሬከርድስ ለሸክላ ሥዕላዊ ሽፋን መሥራት እስኪጀምር ድረስ ሽፋኑ በአብዛኛው ተራ ወፍራም ወረቀት እንደነበርም ነገርኳቸው። ዕድሜውን ሲሰሙ ዓይናቸው ፈካ።

ለእኛ ሽፋን ሐሳቡ ያው የቀትሩ ሰዓት ሆነ። የጂኦግራፊው መምህራችን ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በመጋቢት መጨረሻ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ እንደምትሆን ነገሩን፤ ሰዓቱም 6 ሰዓት ከ28 ገደማ ነው፣ በትክክል 6 ሰዓት አይደለም። የፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት! ያኔ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይሰበሰባል። በነዚያ ቀናት ነጠላውን አውርደን የሁለቱን ልጆች እግር ለማንሳት ወጣን። መጀመሪያ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ቁልቁል ተሞከረ፤ የሚታየው ራስ ብቻ ሆነ፣ ጥላውን ሰውነታቸው ሸፈነው። ከዚያ አንዱ ልጅ መሬት ላይ ተኝቶ ስልኩን ቁርጭምጭሚት ከፍታ ላይ ያዘ። ሁለት ጥንድ ጫማ፣ ሥራቸው ሁለት ትንንሽ ጥላ፣ መሃላቸው አስፋልቱ ላይ ካልኩሌተሩ። ፊት የለም። ይኼ ነው ሽፋኑ።

ጽሑፉ ላይ ረጅም ጊዜ ፈጀን። ሽፋኑ 3000 በ3000 ፒክስል ካሬ ነው፤ ስልክ ላይ ግን የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኖ ነው የሚታየው። በቀጭን ፎንት ስንጽፈው የ"ቃ" እግር መታጠፊያ ጠፍቶ "ፈረቀ" ተነበበ። ማስታወቂያ ጻፊ ዘንድ በክረምት የሚሠራ የ11ኛ ክፍል ልጃችን ሰፊ ብሩሽ ይዞ መጣና ቃሉን በነጭ ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም ጻፈው፤ የ"ቃ"ን እግር ሆን ብሎ ጠንከር አድርጎ ሰበረው። ፎቶ አንስተን እሱኑ ተጠቀምን። ከየትኛውም ፎንት ይበልጣል፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ እንደሚጻፈው ያለ የእጅ ጉልበት አለው። ፖስተር ስናሳትም ሰማያዊው ዩኒፎርም ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ፤ የስክሪን ቀለምና የማተሚያ ቀለም አይገጥሙም። ሌሎች ክበቦችም ፖስተር ስታሳትሙ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ናሙና አሳትማችሁ እዩ።

አንድ ጉዳይ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጠንክሬያለሁ፤ ቢት (ከዘፈኑ ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ) ከኢንተርኔት አውርዶ መጠቀም የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሰው ሥራን ይጠብቃል፣ የእነሱንም ጭምር። የግጥምና ዜማ ባለቤት በሕይወት እስካለ፣ ከዚያም 50 ዓመት ድረስ መብቱ ይቆያል። ስለዚህ ቢቱን ራሳቸው ሠሩት። ከሽፋኑ ጀርባ ግጥም የጻፈችው፣ ቢት የሠራው፣ ነጠላ የያዙት ሁለቱ ልጆች ጭምር ስማቸው አለ። ፊታቸው ለሚታይ ሁሉ ደግሞ ወላጅ ፈርሟል።

አልበሙ በክበቡ የቴሌግራም ቻናል አለ፤ ኢንተርኔት የሌላችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ኑ። የተቀሩት አራት ዘፈኖች ገና ክሊፕ የላቸውም። የአንዱ ስቶሪቦርድ ተጀምሯል፤ ስለ ታቦር ተራራ ነው፣ ልጆቹም ክረምቱን ሙሉ በየሰዓቱ የተራራውን ፎቶ እያነሱ ብርሃኑን እንዲመዘግቡ ተስማምተናል። በመስከረም ምዝገባ ስንጀምር ጥሩ ስልክ ያለው ብቻ እንዳይመስላችሁ የምንፈልገው፤ ግጥም የምትጽፉ፣ በብሩሽ የምትጽፉ፣ ከተማውን በእግር የምታውቁ ልጆች በጣም ያስፈልጉናል። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።