ሦስት ጀልባ ሠርተን ሰባት ጊዜ ሰመጥን

የትምህርት ቤታችን የሞዴል ጀልባ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ይህን ዘገባ ከመጻፌ በፊት አባላቱን ሰብስቤ “ዘንድሮ ስንት ጊዜ ሰመጥን?” ብዬ ጠየቅኳቸው። እነሱ ስድስት አሉ። እኔ ሰባት ነው ባይ ነኝ። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ በኋላ እመለስበታለሁ። በማንከራከርበት ነገር ልጀምር። ዓመቱን በ14 አባላት ጀምረን በ14 ጨርሰናል። በሬዲዮ የሚመሩ ሦስት ጀልባዎች ውሃ ላይ አውለናል። አራተኛዋ ባለሸራ ልትሆን ታስባ ነበር፤ ሸራዋ ሳይሰፋላት ቁም ሳጥን ውስጥ ተኝታለች።

የመጀመሪያዋን የሠራነው እጃችንን ለማፍታታት ነው። ርዝመቷ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀፎዋ፣ ማለትም የውጭ አካሏ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የተቆረጠ፣ ከውስጥም ከውጭም ኢፖክሲ የሚባለውን ጠንካራ ማጣበቂያ የተቀባ። ልጆቹ ብርጭቆ ወረቀት ሰለቸን እያሉ ቢያጉረመርሙም ቆንጆ ሆና ወጣች። ገንዳ ውስጥ አስቀመጥናት፤ ተንሳፈፈች። ተጨበጨበ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ጀርባዋ ዝቅ አለ። በስድስተኛው ደቂቃ ውሃ በላት።

ውሃው የገባው በቀፎው አልነበረም፤ በሻፍቱ ነው። ሻፍቱ ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ ነው፤ በቱቦ ውስጥ አልፎ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ይወጣል። እንግዲህ አስቡት፤ ውሃ እንዳይገባው ስንት ሳምንት የለፋንበትን ቀፎ ራሳችን እንበሳዋለን። መፍትሔው ግን ሲያዩት ቀላል ነው። በቱቦው ውስጥ ያለ ውሃ ከውጭው ውሃ ልክ በላይ አይወጣም። ስለዚህ የቱቦው የውስጥ ጫፍ ከውሃው መስመር በላይ ከሆነ ወደ ቀፎው የሚፈስ ነገር የለም። የእኛ ጫፍ ከመስመሩ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ቱቦውን ነቅለን፣ ከፍ አድርገን መልሰን አጣበቅነው፤ ውስጡንም በግሪስ ሞላነው። ሻፍቱ ሲሽከረከር ውሃ ይዞ እንዳይወጣ ግሪሱ ያግዛል።

ውሃው ቆመ፣ ጩኸቱ ቀጠለ። ጀልባዋ እንደ ወፍጮ ቤት ትንጫጫ ነበር። ምክንያቱ የሞተሩ ዘንግና ሻፍቱ በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸው ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ በማስመሪያ ስለካ ከረምኩ። አንዲት የ9ኛ ክፍል አባል ግን ሁለቱን ዘንጎች ልክክ አድርጎ የሚይዝ ቀጥ ያለ የናስ ቱቦ ቆርጣ አመጣች። ሁለቱንም ጫፎች ቱቦው ውስጥ ከተተቻቸው፤ ሞተሩ ወድዶ ሳይሆን በግዱ ተስተካከለ። የሞተሩን መቀመጫ ያጣበቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ኢፖክሲው ሲደርቅ የናሱን ቱቦ አውጥተን ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ ተካን። ጸጥ! ማስመሪያዬን ወደ መሳቢያ መለስኩ።

ሬዲዮው ሌላ ታሪክ ነው። የምንጠቀምበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጀልባዋ ውስጥ ሆኖ ምልክቱን የሚቀበለው የሪሲቨሩ አንቴና የሚሠራው ክፍል ደግሞ የዚያ ሩብ፣ 3.1 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ልጆቹ “ይህቺ ክር ምን ታደርጋለች?” ብለው ቀፎው ሥር አጣጥፈው አስቀመጧት። ውሃ ይህን ሞገድ ክፉኛ ይውጣል። ጀልባዋ ቅርብ ሳለች እሺ ባይ ነበረች። ራቅ ስትል መስማት አቆመች። ችግሩ መስማት ብታቆም መቆም አለማቆሟ ነው፤ ምልክት ሲጠፋ ሞተሩን የሚያጠፋውን ቅንብር ሳንነካው ነበርና በሙሉ ጉልበቷ ሄዳ ቄጠማ ውስጥ ተሰካች። አሁን አንቴናው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ከጀልባዋ ጣሪያ በላይ ቆሟል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊትም ጀልባዋን በእጃችን ይዘን ማስተላለፊያውን እናጠፋለን። ፕሮፔለሩ ካልቆመ ውሃ አትነካም።

በዚያው ሰሞን “ይህን ነገር መጀመሪያ የሠራው ማን ነው?” የሚል ጥያቄ ተነሳ። ኒኮላ ቴስላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ በገንዳ ውሃ ላይ ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ ሲያሽከረክር ሰው አፉን ይዞ አየ። አስማት ነው ያሉም ነበሩ። በዚያው ዓመት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ቁጥር 613,809 ተሰጠው። ልጆቹ ይህን ሰምተው ያሉት “የሱስ አንቴና የት ነበር?” ነው። ትምህርት መግባቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ፈጣኗ እንሂድ። 70 ሳንቲ ሜትር፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራች፣ ከነባትሪዋ 1.8 ኪሎ። ስለ እሷ የተጨቃጨቅነው ከሁሉም ይበልጣል። ሞተሯ ባለ 2000 ኬቪ ነው፤ ያለ ጭነት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 2000 ዙር ይሽከረከራል ማለት ነው። በ7.4 ቮልት ባትሪ 14,800 ዙር ይመጣል። ፍጥነት የጠማቸው ልጆች 36 ሚሊ ሜትሩን ፕሮፔለር አውልቀው 40 ሚሊ ሜትር ገጠሙ። “4 ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?” አሉኝ። ቅርጹ ተመሳሳይ ከሆነ ፕሮፔለር በእኩል ዙር የሚጠይቀው ጉልበት በዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ስናሰላው 70 በመቶ ያህል ጭማሪ ሆነ። ያሰላነው ግን የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከጨሰ በኋላ ነበር። ሽታው ላቦራቶሪው ውስጥ ለሦስት ቀን ቆይቷል፤ የኬሚስትሪ መምህራችንን በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን። በአንድ ቀን የሚቀየረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የተቀየረውም ደብተር ላይ ይጻፋል። 40 ሜትር ለክተን በሰዓት መያዝ ጀመርን። በትንሹ ፕሮፔለር 9 ሰከንድ። ቪዲዮውን ቀስ አድርገን ስናይ አፍንጫዋ ውሃውን እንደ ማረሻ እየገፋ ነው። የዚህ ዓይነት ጀልባ ለመፍጠን ከውሃው በላይ መነሳት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሚዛኑ፣ ማለትም የክብደቱ ማዕከል፣ ከኋላ ጫፍ ተነስቶ ከርዝመቱ 30 በመቶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። የእኛዋ ሚዛን 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር፣ መሆን የነበረበት 21 ላይ። 400 ግራሙን ባትሪ 18 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገፋነው። ሌላ ምንም አልነካንም። 7 ሰከንድ! አዲስ ሞተር እንግዛ ሲሉ የከረሙት ልጆች ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ግራ ታዘነብል ጀመር። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፤ ቀፎው በአጸፋው ወደ ሌላው ወገን ይጠመዘዛል። ባትሪውን ጥቂት ወደ ቀኝ ስናስጠጋው ተስተካከለች።

ሦስተኛዋ ጎታች ጀልባ ናት። የሠሯት አራቱ ልጆች ዝምተኞች ናቸው። 25 ሜትር የሚረዝመውን እውነተኛ ጎታች መርከብ በ1 ለ25 አሳንሰው 1 ሜትር አደረጉት። ውሃ ላይ ስትወጣ እንደ ቡሽ ትንሳፈፍ፣ ትንሽ ማዕበል ሲመጣ ትወዛወዝ ነበር። ርዝመት በ25 ሲካፈል ክብደት በ25 ብቻ ሳይሆን በ15,625 ነው የሚካፈለው። 250 ቶን የሚመዝን መርከብ ሞዴሉ 16 ኪሎ መምጣት አለበት። የእነሱ 7 ኪሎ ነበረች። ስለዚህ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ፈጣኖቹ የብሎን ጭራ እየቆረጡ ግራም ሲቀንሱ፣ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ 9 ኪሎ ብረት በቀፎ ወለል ላይ ይደረደር ነበር። ያቺን ከሰዓት ፎቶ አለማንሳቴ ይቆጨኛል።

ፍጥነቷም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመርከብ ሞዴሎችን በውሃ ገንዳ እየጎተተ ያረጋገጠው ሕግ አለ። ፍጥነት ከርዝመት ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። የ25 ስኩዌር ሩት 5 ነው። በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎታች መርከብ፣ ሞዴሉ 4.4 ቢሄድ ነው የሚያምረው፤ የሰው እርምጃ ማለት ነው። ከዚያ ከፈጠነ ማዕበሉ የአሻንጉሊት ይመስላል። ልጆቹ ጀልባቸውን በዳር በዳር እየተራመዱ ይነዷታል። በጣም ደስ ይላል።

ስለ ባትሪ አንድ ጥፋት አለብኝ። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ በየሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። እኔ ዕረፍቱን ሙሉ በ4.2 ቮልት፣ ጢም እንዳለ ተውኩት። ስንመለስ እንደ ትራስ አብጧል። አስወገድነው። ልጆቹን ስቆጣበት የነበረው ስህተት ራሱ ነው።

አሁን ወደ ሰባተኛው መስመጥ። የመጨረሻው ቀን ፈጣኗ ኩሬው መሀል ስትታጠፍ ተገለበጠች። ውስጧ 2 ሊትር ፎም አለና ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ቆመች። ለጀልባ ብሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም፤ ይህ ሕጋችን ነው። የቆመ ጀልባ ለመሳብ የምንወረውራት፣ በዓሣ ማጥመጃ ክር የታሰረችው የቴኒስ ኳሳችንም አልደረሰችም። ያኔ ዝምተኞቹ ጎታቿን አሰማሩ። በሰው እርምጃ ሄደች፣ አፍንጫዋን ፈጣኗ ጎን ላይ አስደገፈች፣ እየገፋች ዳር አደረሰቻት።

“ታች ስላልወረደች አልሰመጠችም” ይላሉ ፈጣኖቹ። ሪሲቨሩ ውስጥ ያገኘሁትን ውሃ አሳየኋቸው። ምክንያታቸው ውሃ አያነሳም፤ ጀልባቸው ግን አንስታለች። ደብተሩ ላይ 7 ብዬ ጽፌያለሁ። አንድ ሰው ጎኑ ላይ በእርሳስ “6” ብሎ ጨምሮበታል።