የገዛ ሰውነቴ ዓይኔን ለምን ይወጋል? ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? «እማዬ፣ የገዛ ሰውነቴ ዓይኔን ለምን ይወጋል?» ያልሽው ከልቤ አልወጣም። ሐኪምሽ ዩቪያይቲስ፣ ማለትም የዓይን ውስጠኛ ክፍል ብግነት፣ መሆኑን ነግሮሽ መድኃኒቱን አዝዟል፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ጊዜ አላገኘም። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሰው ዓይን ሳክም ነውና እኔ ልንገርሽ።

ቆዳሽ ሲቆስል ይቀላል፣ ያብጣል። ነጭ የደም ሴሎች በገፍ ይደርሱና ጀርሙን ያጠፋሉ፤ በዚያው ጤነኛው ሥጋም ይጎዳል፣ ጠባሳ ይቀራል። ቆዳ ጠባሳ ይችላል። ዓይን አይችልም። በኮርኒያ፣ በዓይን ፊት ለፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ መካከል የምትቀር ትንሽ ጠባሳ ብርሃን ትጋርዳለች፤ ከኋላ ብርሃን የሚቀበለው የሬቲና ሴል ደግሞ አንዴ ከሞተ አይተካም። ሌባ ለመያዝ ብሎ ቤቱን የሚያቃጥል የለምና ዓይን የሚጠበቀው በሌላ መንገድ ነው።

የውጩ ጥበቃ ቀላል ነው። የዓይን ቆብ ይጠርጋል፣ እንባ ያጥባል። እንባ ውስጥ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይም አለ፤ ይህን ንጥረ ነገር አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳወቀው ከፔኒሲሊን በፊት ነው። ላክቶፌሪን የተባለው ሌላው ፕሮቲን ብረትን ይዞ ባክቴሪያውን ያስርበዋል።

እኔን ዛሬም የሚያስደንቀኝ የውስጡ ነው። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው ከአየር ነው፤ ስለዚህ ነጭ የደም ሴል እንደልቡ አይደርስበትም። የሬቲና የደም ሥሮችም ግድግዳቸው ጥብቅ ነው። ከኮርኒያ በስተኋላ ያለው ፈሳሽ ደግሞ የገባውን ተዋጊ ሴል የሚያረጋጉ ፕሮቲኖች አሉት፤ አንዳንድ የዓይን ሴሎች ለቁጣ የመጣውን ሴል ራሱን እንዲያጠፋ የሚያዝ ምልክት በላያቸው ይዘዋል። ባዕድ ነገር በዚያ በኩል ሲገባ ወሬው እስከ ጣፊያ ይደርሳል፤ ከዚያም ቁጣን የሚያበርዱ ሴሎች ይነሳሉ። ሳይንቲስቱ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1948 የአንዱን ጥንቸል ቆዳ በሌላው ዓይን ውስጥ ሲተክል በሌላ አካል ላይ ቶሎ የሚጠፋው ቆዳ እዚያ ሲቆይ አየ። የዓይን ሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርምም እ.ኤ.አ. በ1905፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርዱ የዛሬዎቹ መድኃኒቶች ሳይኖሩ፣ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ የተሳካለት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ሰላም ግን ዋጋ አለው። ዓይን ተከልሎ ስለሚኖር መከላከያሽ አንዳንድ የዓይን ፕሮቲኖችን በደንብ አያውቃቸውም። አንድ ዓይን በስለት ሲወጋ የተደበቀው ይገለጥና፣ አልፎ አልፎ፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጤነኛው ዓይን ጭምር ይታመማል። ያንቺ እንዲህ አይደለም፤ ጉዳት አልደረሰብሽም። ግን እርጋታው ተናግቶ ነጭ የደም ሴሎች ወደዚያ ንጹሕ ፈሳሽ ገብተዋል። ሐኪሙ በመብራቱ ሲያይሽ የተመለከተው እነሱን ነው። የቀሰቀሳቸው ነገር ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ብዙ ስላነበብሽ ወይም ስላለቀስሽ አልመጣም፤ ይህን ከልብሽ አውጪው።

አሁን መድኃኒቱን ስሚኝ። ስቴሮይዱ ጠብታ ቁጣውን ያበርዳል። ብሌንሽን የሚያሰፋው ደግሞ ሕመሙን ያስታግሳል፣ አይሪስሽ፣ በብሌንሽ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለሙ ክፍል፣ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር እንዳይጣበቅም ይጠብቃል፤ ሲያደበዝዝብሽና ብርሃን ሲያስቸግርሽ በንዴት አታቋርጪው። ቅላቱ ጠፋ ብለሽ ስቴሮይዱንም አታቁሚ፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስልሻል፣ ድንገት ሲተው ብግነቱ ያገረሻልና። የተረፈውን ጠብታ ለሌላ ጊዜ አታስቀምጪ፣ ለጓደኛሽም አትስጪ። ቅላቱ ኸርፐስ ከተባለው ቫይረስ የመጣ ቢሆን ስቴሮይድ ኮርኒያን ሊያበላሽ ይችላል። ረዘም ሲልም የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ለዓይን ሞራም ያጋልጣል።

ሕመሙ ከባሰ ወይም እይታሽ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ሂጂ። በቀጠሮሽም ግፊትሽ ስንት እንደሆነ ጠይቂና ቁጥሩን ላኪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ